የካርቶኗ አሳንሰር

አባዬ ለሥራ ጓደኞቹ «ሐያት በዚህ ክረምት ጄኔሬተር ትፈትናለች» ብሎ ነው የነገራቸው። ከዚያ ወዲህ በመጋዘኑ በር ባለፍኩ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና «እስቲ ነይ፣ የኛ ጄኔሬተር ጭሱ በዝቷል፣ እዪልን» ይለኛል። እኔ ስቄ አልፋለሁ። አላስረዳም። ያኔ እንደዚያ ነበርኩ፤ ሰው ሲሳሳት እየሰማሁ ዝም የምል፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ። አሁን ግን ይኸው፣ ወረቀት ላይ ማን ሊያቋርጠኝ ነው? መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም ነበር! ስለዚህ ያኔ ያላስረዳሁትን ዛሬ አስረዳለሁ፤ እናንተም ትንሽ ትታገሡኛላችሁ።

እኔ የምፈትነው ጄኔሬተር ጭስ የለውም። የሚያመነጨው ኮድ ነው።

ቢንያም የሰፈራችን ልጅ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል፣ ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። የመርካቶ መጋዘኖች ዕቃ የሚያወጡባቸውና የሚያወርዱባቸው አሳንሰሮች አሏቸው አይደል? ቢኒ የእነሱን ጭንቅላት ነው የሚሠራው። መቼ ይቁም፣ መቼ ይውጣ፣ መቼ ይውረድ የሚለውን። ታዲያ ኮዱን በእጁ አይጽፍም። ሥዕል ነው የሚሥለው። አንድ ክብ «ቆሟል»፣ አንድ ክብ «እየወጣ ነው»፣ አንድ ክብ «እየወረደ ነው»፤ በመካከላቸው ደግሞ ቀስቶች። ሥዕሉን ራሱ ለሠራው ሌላ ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ያ ፕሮግራም ሥዕሉን አንብቦ ኮዱን ይጽፍለታል። ጄኔሬተር ማለት ይሄ ነው።

«የአንድ መጋዘን ፕሮግራም ቢበላሽ የሚቸገረው አንድ መጋዘን ነው» አለኝ ቢኒ ሥራ በጀመርኩ ቀን። «ጄኔሬተሩ ከተበላሸ ግን የጻፈው ሁሉ ይበላሻል። አንቺ የምትፈትኚው ልጆቹን አይደለም፣ እናታቸውን ነው።»

አፈታተኑ ቀላል ነበር። ትንንሽ ሥዕሎች አሉን። ጄኔሬተሩ ለእያንዳንዳቸው ኮድ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ኮድ ከዚህ በፊት ካስቀመጥነው ናሙና ጋር ያስተያያል። አንድ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተለየ ቀይ። ቀይ ሲመጣ ቢኒ ያየዋል። ልዩነቱ እሱ ራሱ የፈለገው ከሆነ «ተቀበል» የሚለውን ይጫናል፤ አዲሱ ኮድ ናሙና ይሆናል፤ ቀዩም አረንጓዴ ይሆናል።

ይሄ ለእኔ ትንሽ ደረቅ ሆነብኝ። ፊደል ከፊደል ማስተያየት ብቻ። ስለዚህ ከጫማ ካርቶን አሳንሰር ሠራሁ። ከተሰበረ መጫወቻ ትንሽ ሞተር አወጣሁ፣ በክር አንጠለጠልኩት፣ ከብስኩት ማሸጊያ በር ቆረጥኩለት፣ ቢኒ ደግሞ እየሳቀ እውነተኞቹ አሳንሰሮች ከሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አንዱን አገናኘልኝ። ጄኔሬተሩ የጻፈው ኮድ ካርቶኗን በእርግጥ ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት ማየት፣ ወላሂ፣ እንደ አስማት ነበር። ሰው ጎደላት ብዬ አንዲት የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አመጣሁና ሁለት እግሯን አንፈራጥጬ በሩ ላይ አቆምኳት፤ አንድ እግሯ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ደፉ ላይ።

አባዬ እንደዚያ ነው የሚቆመው።

አባዬ ጎጃም በረንዳ ውስጥ በጋሽ ደምሴ ሕንፃ ጫኝ ነው። ከመኪና የወረደውን እህል አሳንሰሩ ውስጥ ያስገባል። አንድ እግሩን ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጎ ጆንያውን ከትከሻው ወደ ውስጥ ያዞረዋል፤ እየገቡ እየወጡ ከመሥራት ይህ ይፈጥናል ይላል። ላይ ፎቅ የሚቀበለው በድሩ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ያገራችን ሰው፣ አፉ የማያርፍ። እዚያ ሕንፃ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። በየፎቁ ያሉት ሱቆች አሳንሰሩን ይሻሙበታል። ተራ እንዳይወሰድበት ሁሉም የመጥሪያውን ቁልፍ ይጫንና ካርቶን ቆርጦ ጠርዙ ላይ ይሰካበታል። ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። ጣቱ ሳይደክም ቀኑን ሙሉ «ና፣ ና» ሲል ይውላል ማለት ነው። በድሩማ ካርቶኑን ከኪሱ አይለየውም።

በዚያ ክረምት የሕንፃው አሳንሰር ጭንቅላቱ ተቃጠለ። እስኪሠራ ድረስ ጫኞቹ እህሉን በደረጃ፣ በጀርባቸው ነበር የሚያወጡት። አባዬ ማታ ሲገባ ትከሻው አብጦ ሸሚዙን እኔና እማዬ ነበርን የምናወልቅለት። አዲሱን የሚሠራው ቢኒ መሆኑን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የምፈትነው ነገር ለአባዬ ሊሆን ነው።

አዲሱ ጭንቅላት የሚገጠምበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጥቶ ነበር። ቢኒ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ሥዕሉን ያስተካክላል።

«ጋሽ ደምሴ ሥዕሉን አሳትመው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው» አለኝ። «‹መስመሮቹ እንደ ክር ተጠላልፈዋል፣ ሰው አይስቅብኝም?› አሉኝ። አንዱን ቀስት አጥፍቼ በሌላ በኩል ሳልኩት። አሁን አላማረም?»

«አምሯል» አልኩ።

ፈተናውን አስነሣ። በጋሽ ደምሴ ሥዕል ላይ አንድ ቀይ መጣ። ቢኒ ጠጋ ብሎ አነበበው። «ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተቀየረው። መጀመሪያ የነበረው ወደ መጨረሻ ሄደ። ቃል አልተጨመረ፣ ቃል አልተቀነሰ።» ተቀበል። አረንጓዴ። ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ እየከተተ «እኔ ሄድኩ፣ አባትሽ ዛሬ ጀርባው ሊያርፍ ነው» አለ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና «ካርቶንሽን ሰብስቢያት፣ ጠረጴዛውን ያዘችው» አለኝ።

ከመሰብሰቤ በፊት አንድ ጊዜ ላጫውታት ብዬ ነው። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የቀረውን አዲሱን ኮድ ጫንኩባት። በሯን ከፈትኩ፣ ቆመች። በሯን ዘግቼ ጠራኋት፣ ወጣች። መልሼ አወረድኳት። ሁሉ ደህና። ከዚያ በሯን ከፍቼ መቆንጠጫዋን ቦታዋ ላይ፣ አንድ እግር ውስጥ፣ አንድ እግር ደፉ ላይ አቆምኳት። በድሩ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ ከብስኩቱ ማሸጊያ ትንሽ ቀድጄ የመጥሪያዋ ቁልፍ ላይ ሰካሁ።

ካርቶኗ ተነሣች።

በሯ ክፍት ነው። መቆንጠጫዋ ቆማለች። ካርቶኗ ግን ወደ ላይ ወጣች፣ መቆንጠጫዋን በአንድ እግሯ ይዛት ሄደች፣ በበሯ ላይኛ ጠርዝና በሳጥኑ ወለል መካከል ከተተቻት። ቀጭ የሚል ድምፅ። የመቆንጠጫዋ አንድ እግር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

እንደገና ሞከርኩ። ያው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከርኩ። ያው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ቆሟል» ከሚለው ክብ ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ። አንዱ «በሩ ክፍት ከሆነ ባለህበት ቆይ» ይላል፣ ሌላው «ከላይ ከተጠራህ ውጣ»። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ቢሆኑስ? ሥዕሉ ምንም አይልም። ጄኔሬተሩ ቀድሞ የተሣለውን ቀስት ያስቀድማል። ቢኒ ዛሬ ጠዋት አጥፍቶ እንደ አዲስ የሣለው የበሩን ቀስት ነው። በሩ ወደ ኋላ ተሰለፈ፣ ጥሪው ቀደመ። እኔም ካርቶኗን ስሞክር ሁሉን አንድ በአንድ ነበር የምሞክረው፣ እንደ ጨዋ ሰው። ቁልፍ ላይ ካርቶን የሚሰካ ሰው በቢኒ ሐሳብ ውስጥ የለም።

የጋሽ ደምሴ አሳንሰር በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን ራሷ የምትቆርጥ ብረት ነበረችው አሉ፤ ከተሰበረች ቆይታለች። አሁን በሩ መከፈቱን ለፕሮግራሙ የምትናገር አንድ ሽቦ ብቻ ናት የቀረችው። የሚሰማት ከተገኘ።

እዚህ ላይ «ደነገጥኩ» ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ምንም አልተሰማኝም። አንድ ሰው ሬዲዮ እንደሚቀንስ ውስጤ ዝም አለ። ወደ ቢኒ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አያነሣም። ወደ አባዬ ደወልኩ። አባዬ ሲሠራ ስልኩን ከነጃኬቱ ሚስማር ላይ እንደሚሰቅለው አውቃለሁ፤ አውቄም ደወልኩ። የተሰበረችውን መቆንጠጫ በእጄ ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም።

መንገዱ እንደ ልማዱ ነው። ታክሲው ተደርድሮ ቆሟል፣ ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጮኻል፣ ጋሪ ገፊው ጭቃ ውስጥ ተይዞ «ግፉልኝ እንጂ ወንድሞች!» ይላል። ሮጥኩ። ጫማዬ በጭቃው ሲወልቅ አየሁት፣ አልተሰማኝም። የአንዲት ሴትዮን የሽንኩርት ዘንቢል ገጨሁ፤ «ዓይን የለሽም አንቺ!» አሉኝ፤ «ይቅርታ እትዬ» የሚል የራሴ ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በድሩ ካርቶኑን ሰክቶታል ወይስ አልሰካውም?

ጎጃም በረንዳ ስደርስ የጭነት መኪናው በጋሽ ደምሴ በር ላይ ኋላውን ሰጥቶ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም፣ ማን ማንን ይሰማል። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሃል ቆመዋል። አሳንሰሩ ታች ነው፣ በሩ ክፍት። አባዬ ጆንያ በትከሻው፣ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ደፉ ላይ።

የአሳንሰሩ በር ላይ ያለችው መብራት ጠፍታለች። አዲሱ ጭንቅላት ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ቢኒ ላይ፣ ሞተሩ ክፍል ነው።

«አባዬ! ውጣ!» አልኩ። ዞር አላለም።

መብራቷ ቦግ አለች።

ዋናው ብሬከር ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አባዬ «እንዳትነኪው» የሚለኝ። ወደ አባዬ ብሮጥ አልደርስም፤ ብሬከሩ ግን አጠገቤ ነበር። ዘልዬ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ጧ አለ። ሕንፃው በሙሉ ጨለመ።

መጀመሪያ የተሰማው የበድሩ ድምፅ ነው፣ ከላይ፣ በአሳንሰሩ ጉድጓድ በኩል፤ «ኧረ ሰዎች! ሐያትን ጥሩና ጄኔሬተር ታስነሣልን!» ሰው ሳቀ። ከዚያ ከየፎቁ ጩኸት መጣ። አንዱ ሚዛኔ ይላል፣ አንዱ ኮምፒውተሬ ይላል። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ሰይድ! ልጅህ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ልጄ ናት» አለ አባዬ። ጆንያውን አወረደና ወደ እኔ ወጣ። ሁለት እግሩም ውጭ ሆነ። ይህን አየሁና ብሬከሩን ለቀቅኩ። አሁንም ምንም አይሰማኝም።

ቢኒ በጨለማው ደረጃ እየተደናቀፈ ወረደ። «ሐያት? ምን ተፈጠረ?»

«ካርቶን ሰክተዋል» አልኩት።

«ምን?»

«ቁልፉ ላይ። ካርቶን ይሰካሉ። በሩ ክፍት ሆኖ ይነሣል። የእኔዋ ተነሣች።»

«ሁሉም አረንጓዴ ነበር እኮ፣ አብረን አየነው!»

«ናሙናውንም የጻፈው ራሱ ነው» አልኩ። «ጄኔሬተሩን ያስተያየነው ከራሱ ጋር ነው ቢኒ።» እጄን ዘርግቼ መቆንጠጫዋን አሳየሁት። አንድ እግሯ የለም።

ቢኒ ጎንበስ ብሎ አያት። ጋሽ ደምሴ ግን አልታገሡም። «እኔ የልብስ መቆንጠጫ አልገዛሁም! መኪናው ቆሞብኛል፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። ስንት ሰው እያየኝ እንደተናገርኩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። «ሰው ሳይኖርበት እንየው። እርስዎም ይዩት።»

አባዬ አንዴ አየኝ። ከዚያ የአተር ጆንያ አነሣና ሄዶ በሩ ላይ አስቀመጠው፤ ግማሹን ውስጥ፣ ግማሹን ደፉ ላይ። ልክ እሱ የሚቆምበት ቦታ። ጫኞቹን በእጁ ወደ ኋላ ገፋቸው። አንገቱን ወደ ጉድጓዱ አስግጎ ጮኸ፤

«በድሩ! ካርቶንህ ተሰክቷል?»

«ምን ጥያቄ ነው ሰይዶ? ከጠዋት ጀምሮ!»

«እንዳለ ተወው። ወደ ኋላ ራቅ በል።»

ቢኒ ብሬከሩን ወደ ላይ መለሰው። መብራቷ በራች። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም፤ ጋሽ ደምሴ «ታዲያስ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አሳንሰሩ ተነሣ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይጮህ። ጆንያውን በግማሹ ይዞ አዘነበለው፣ ጎተተው፣ የበሩ ላይኛ ብረት ጋ አደረሰው። እዚያ ትንሽ የተያዘ መሰለ። ሞተሩ አጓራ። ከዚያ ጆንያው ለሁለት ተቀደደ፣ አተሩም መፍሰስ ጀመረ።

የአተሩን ድምፅ ነው የማልረሳው። ሲሚንቶው ላይ እንደ ዝናብ፣ እግራችን ሥር ድረስ። የጭነት መኪናው ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላቸው ከእጃቸው ወድቆ አላነሡትም። በድሩ ከላይ «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» እያለ ይጣራል። ቢኒ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ያዘ። «ቀይ ሲል አይቼዋለሁ» አለ። «አረንጓዴ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አባዬ ጎንበስ ብሎ አተሩን በመዳፉ መሰብሰብ ጀመረ። እያፈሰ ባዶ ጆንያ ውስጥ ይጨምራል። እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አብሬው ለቀምኩ። በመጨረሻ ቀና ሳይል፣

«ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ጫማሽስ?»

ያን ጊዜ ነው አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን ያየሁት።

ምሳ በላሁ። ማታም በላሁ። ተኛሁ፣ ጠዋት ተነሣሁ። እማዬ አቅፋኝ ስታለቅስ ትከሻዋ ላይ ሆኜ ግድግዳውን አያለሁ። ጎጃም በረንዳ ወሬው እያደር ገነነ፤ አንዳንዱ አሳንሰሩን በእጄ ይዤ እንዳስቆምኩት ይናገራል። ሰዎች «ጎበዝ!» ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ። ኩራት የለ፣ ፍርሃት የለ። ክፍል ውስጥ ክንዳችሁን ተንተርሳችሁ ተኝታችሁ ስትነሡ እጃችሁ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል አይደል? እኔ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈትም አልለቀቀኝም።

ሥራው ግን ቀጠለ። ቢኒ ጄኔሬተሩን አስተካከለው፤ ከአንድ ክብ ሁለት ቀስት ወጥቶ ማን እንደሚቀድም ሳይነገረው ከቀረ ከእንግዲህ ኮድ አይጽፍም፤ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ናሙናውም ስህተት ሊይዝ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈው ሁሉ ካርቶኗ ላይ ይሞከራል፣ ቁልፏ ላይ ወረቀት ተሰክቶ፣ በሯ ተከፍቶ። «ተቀበል» የምትለዋን ደግሞ ቢኒ ብቻውን አይጫናትም። «ሐያት፣ ነይ እዪ» ይላል። አያለሁ። ካልገባኝ «አልገባኝም» እላለሁ። ድሮ ይህቺን ቃል ከአፌ የሚያወጣት አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ደረጃው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አባዬ ነው። ቢሯችን መጥቶ አያውቅም። ጫማውን በሩ ላይ ሊያወልቅ ሲል ቢኒ «ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!» አለው። ገባና ካርቶኗ ፊት ቆመ። እጁን ኋላው አጣምሮ ለረጅም ጊዜ አያት። ደፏ ላይ፣ የተሰበረችውን መቆንጠጫ በማስቲካ ወረቀት ጠግኜ አቁሜያት ነበር።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አዎ።»

ጎንበስ ብሎ መረመራት። «ቅጥነቴ ልክ ነው» አለ። «ግን እግሬን ምን ነካው?»

አባዬ እጁን ኪሱ ከተተና አንዲት አዲስ የእንጨት መቆንጠጫ አወጣ፤ ከቤታችን የልብስ ገመድ ላይ የነቀላት ናት፣ አውቃታለሁ። በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ ሁለት እግሯን አንፈራጥጦ፣ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱን ደፉ ላይ፣ ቀስ ብሎ አቆማት።

«ይቺ ትሻላለች» አለ። «በይ አሁን ሞክሪኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እንባው ያ ሁሉ ቀን የት ተደብቆ እንደነበር አላውቅም፣ እንደዚያ አተር ፈሰሰ። ቢኒ መስኮት መክፈትን ሰበብ አድርጎ ዞረ። አባዬ ጭንቅላቴ ላይ እጁን አድርጎ ቆመ፤ እጁ እንዴት እንደሚከብድ፣ እንዴት እንደሚሞቅ ተሰማኝ። ተሰማኝ!

በዚያው ማታ ነው መጻፍ የጀመርኩት። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሆነ ቦታ ላይ «ሁሉም አረንጓዴ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ውስጣችሁ ቅር ካለው፣ ዝም አትበሉ። ብሬከር ላይ መንጠልጠል አይጠበቅባችሁም። «እስቲ እኔም ልየው» ማለት ይበቃል። እኔ አሁን ጄኔሬተሩ በተነካካ ቁጥር ከሁሉ በፊት የማስነሣው ፈተና አለኝ። ስሙን «አባዬ ደፉ ላይ» ብዬዋለሁ። በሯን እከፍታለሁ፣ ወረቀቱን እሰካለሁ፣ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ትንፋሼን ይዤ አያለሁ።

ካርቶኗ አትነቃነቅም። አባዬ በሁለት እግሩ ቆሟል።